እናየዋለን

የምክር ቤት አባል ብቸኛ ናት ቢባል ማን ያምናል? ሰው ሁሉ ይጨብጣታል፤ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ስልኳ ከጆሮዋ አይነቀልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን፣ የመረጣት ሕዝብ አቤቱታውን አሰምቶ ሲበተን፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለችው ጠባብ ቢሮዋ ጭር ትላለች። ከታች የስፌት መኪናው ሲንኳኳ እየሰማች ወንበሮቹን ራሷ ትደረድራለች። ቤት የሚጠብቃት ስለሌለ አትቸኩልም።

እናቷ ደግሞ ነገር ማለስለስ አያውቁም። በስልክ ሁልጊዜ የሚሏት አንድ ነው።

«ለአገሩ ሁሉ ሕግ ታወጫለሽ፤ ለራስሽ አንድ ጎጆ መቀለስ አቃተሽ?»

«ጊዜ አጥቼ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ተይ እባክሽ! ጊዜ ያጣ ሰው ቅዳሜ ማታ እናቱን እያስወራ አያመሽም።»

አዋላጁ የመጣው ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። በጤና ጣቢያው የሚሠራ ነርስ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚጠራው በሥራው ነው። መጀመሪያ «ደግሞ ወንድ አዋላጅ!» ብለው የሳቁበት ሴቶች፣ ዛሬ ተረኛው እሱ ካልሆነ ምጣቸውን ለማዘግየት ምንም አይቀራቸውም። የሥራ ባልደረቦቹ ወክለውት አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር።

«የተከበሩ፣ የማዋለጃ ክፍላችን ሊዘጋ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። ትንንሽ የማዋለጃ ክፍሎች ተዘግተው ባለሙያውም መሣሪያውም በትልልቅ ሆስፒታሎች እንዲሰባሰብ የሚያዘውን ረቂቅ አዋጅ ያዘጋጀው እሷ የምትመራው ቋሚ ኮሚቴ ነው። ታምንበትም ነበር። ለደማች እናት የሚሰጥ ደም በሌለበት፣ ቀዶ ሐኪም በሌለበት ክፍል መውለድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ይህንኑ ልትነግረው ይገባት ነበር። እሷ ግን ፈገግ ብላ ሥራዋ ያስለመዳትን ቃል ጣል አደረገችለት።

«እናየዋለን።»

ይህች ቃል ጉደኛ ናት። እሺም አይደለች፣ እምቢም አይደለች። ባለጉዳዩ ተስፋውን ይዞ ይወጣል፤ ባለሥልጣኑም ከሰው ሳይቀያየም ይውላል። ክፋቷ አንዴ ምላስ ከለመዳት ሳይጠሯት መምጣቷ ነው።

አዋላጁ አመስግኖ ተነሣ። በሩ ላይ ደርሶ ዞር ሲል ወንበር እየጎተተች አያት። ተመልሶ ያግዛት ጀመር።

«ኧረ ይተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ አልጋ ስገፋ ነው የምውለው፤ ወንበርማ ለእኔ ዕረፍት ነው።»

ሳቀች። ከልቧ ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ጀመር፤ አንዳንዴ ጉዳይ ይዞ፣ አንዳንዴ ጉዳይ ፈጥሮ። ሻይ ቤት ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። እሱ በዚያ ሳምንት ስለተወለዱት ያወራላታል፤ አልጮህ ብሎ ሁሉንም ስላስጨነቀው፣ ገና ከመወለዷ አያቷን ስለተቆጣችው። እሷ ስለ ስብሰባ ታወራለታለች፤ ስለ አዋጁ ግን ትንፍሽ አትልም። ነገ እነግረዋለሁ ትላለች። ነገው ሲመጣ ፊቱን ታይና ቃሉ ይጠፋባታል።

አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ደረጃውን ሲወርዱ እግሯ አዳለጣት። ክንዷን ለቀም አድርጎ፣

«ቀስ በይ!» አላት።

ሁለቱም ባሉበት ቀጥ አሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ነበረች።

«ይቅርታ፣ አመለጠኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ካመለጠህማ አትመልሰው።»

እጁ ክንዷ ላይ ቆየ። ልብስ ሰፊው በመነጽሩ አናት አያቸውና፣ ምንም እንዳላየ ሰው ወደ ስፌቱ ተመለሰ። በዚያ ምሽት ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ እንደወደደችው አወቀች። ደስታውም ፍርሃቱም እኩል መጣባት።

አዋጁ ድምፅ ሲሰጥበት እጇን አውጥታ ደገፈች። አዋላጁ ያን እጅ ያየው በጤና ጣቢያው ቴሌቪዥን ነው፣ ባልደረቦቹ መሐል ቆሞ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቢሮዋ መጣ። አልተቀመጠም።

«እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«ፈራሁ።»

«አዋጁስ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔም እጄ ላይ የሞተችብኝ እናት አለች። ለምን ደገፍሽ አልልሽም። ግን እዚችው ተቀምጠሽ፣ ዓይኔን እያየሽ...» መስኮቱ ጋ ሄዶ ተመለሰ። «ሩቅ ሆስፒታል መድበውኛል። ሰኞ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ቁርጤን ንገሪኝ። ታገቢኛለሽ?»

ልቧ ውስጥ «አዎ» ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ግን ምርጫው መድረሱ፣ የኮሚቴው ሥራ፣ የት እንደሚኖሩ፣ ሰው ምን እንደሚል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭንቅላቷን ሞሉት። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። አፏ ሳያስፈቅዳት ተከፈተ።

«እናየዋለን።»

የቀለደች መስሎት ፈገግ ሊል ቃጣው። ፊቷን ሲያይ ተወው። ጃኬቱን ቆለፈና እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ጎንበስ አለ።

«አመሰግናለሁ፣ የተከበሩ።»

ልትከተለው እስከ በሩ ሄደች። ደረጃው ላይ ሌላ ባለጉዳይ እየወጣ ነበር።

ልትደውልለት አሰበች። ዛሬ ስብሰባ ሆነ፣ ነገ ጉዞ ሆነ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ምን ብዬ ሆነ። ዛሬ ነገ ስትል ወራት አለፉ። ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ ሰበብ አለቀባትና አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች።

ሆስፒታሉ እሷ እንደፈለገችው ነበር፤ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ሐኪሙ የሞላ። ከማዋለጃው ክፍል ውጭ አግዳሚው ላይ፣ ሚስቶቻቸውን ከሚጠብቁ ወንዶች መሐል ተቀመጠች። አዋላጁ ጭምብሉን አገጩ ሥር አውርዶ ወጣና ሲያያት ደነገጠ።

«ምነው? ዘመድ ሊወልድ ነው?»

«አይደለም። የጠየቅኸኝን ልመልስልህ ነው። አዎ። ያን ቀንም አዎ ነበር።»

አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስትደውዪ ምን እንደምልሽ ተለማምጄ ነበር» አላት። «መጀመሪያ ልቆጣሽ፣ ከዚያ ልታረቅሽ። ስልኬን ይዤ ነበር የምተኛው። አንድ ጠዋት ስነሣ ሌላ ክፍል ረስቼዋለሁ።»

«አሁንስ? ቁርጤን ንገረኝ።»

እጇን ያዘ። ዓይኗን ሳይሸሽ፣ ቀስ ብሎ ነገራት።

«አይሆንም። እወድሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ዕድሜዬን ሁሉ አንቺን ስጠብቅ መኖር አልችልም። ሞከርኩት፤ አቃተኝ።»

«አዋላጁ! ደርሳለች!» የሚል ጥሪ ከውስጥ መጣ። እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠላትና ተነሥቶ እየሮጠ ገባ። በሩ ተዘጋ።

እንባዋን ለመደበቅ አልሞከረችም። በጎኗ ሚስቱን ሲጠብቅ የነበረው ወጣት አዘነላትና ጠጋ አለ።

«አይዞሽ እህቴ፣ በሰላም ይገላግላታል። ያንቺ ማን ናት ውስጥ ያለችው?»

«ሰው የለኝም» አለችው።