ልብስ ሰፊው የሰጠው ቃል

መቀሱ ቀሚሱ ደረት ላይ ተሰክቶ ነበር።

ቀሚሱ ቀይ ነው። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ፊት ያለው ወንበር ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ፊቱ ከአንገቱ እስከ ዳሌው ተተርትሯል። መቀሱ ጨርቁን አልፎ የወንበሩን ስፖንጅ ነክሷል። ውስጡ ሰው ቢኖር ኖሮ ልቡን አይስትም ነበር።

የቀሚሱ ባለቤት ጥግ ላይ በመታጠቢያ ጋዋን ተጠቅልላ ታለቅሳለች። በዚያው ዕለት ማታ አዳራሹን ጢም አድርጋ ልትሞላው የነበረች ዘፋኝ ናት።

ፖሊስ ሲደርስ ጋዜጠኞች ቀድመውት ነበር፤ የዘፋኟ ሥራ አስኪያጅ ነው ያስገባቸው። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች። ለጊዜው ግን ዋጥ አደረገችው።

መርማሪዋን ጣቢያው ውስጥ «ወፍጮ» ይሏታል። ቀስ ብላ ነው የምትዞረው፤ የገባባትን ግን ሳታደቅ አትተውም። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው። ሊሰድባት ብሎ ነበር፤ እሷ ወደደችው።

«ንገሪኝ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ።»

«ከልምምድ ተመለስኩ። ቀሚሴን አውልቄ ሰቀልኩት። ፊቴን ልታጠብ ገባሁ። ስወጣ…» ዘፋኟ መጨረስ አቃታት።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«አልቆለፍኩትም። እዚህ ማን ይነካኛል ብዬ?»

«መቀሱን ታውቂዋለሽ?»

ዘፋኟ አቀረቀረች። ካሜራዎቹ በተከፈተው በር አንገታቸውን አስግገዋል።

«የእሱ ነው» አለች።

እሱ ማለት እጮኛዋ ነው፤ ልብስ ሰፊው። ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ልጅቷ እኮ ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ የሹካና የማንኪያ ጩኸት እየበለጣት ነበር የምትዘፍነው። ከዚያ ያንን ዘፈን አወጣች። ሜትር ሳያነሳ ልኳን ስለሚያውቅ፣ የመጀመሪያ የመድረክ ልብሷን ከትርፍራፊ ጨርቅ ስለሰፋላት ሰው ነው የዘፈነችው። ዘፈኑ ከየታክሲው፣ ከየፀጉር ቤቱ፣ ከየስልኩ ይወጣ ጀመር። ሕዝቡ እሷን ወደደ። እሱን ደግሞ የባሰ ወደደው። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን «እንደሱ ያለ ባል ይስጥሽ» እያሉ ይመርቁ ነበር።

አሁን ያ ሰው አዳራሹ ጀርባ ካለው ዕቃ ቤት ብቻውን ተገኘ። እዚህ ምን ትሠራለህ ሲሉት ቀበቶ እየፈለግኩ ነው አለ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበረም። ወሬው ሳይውል ሳያድር ተዛመተ፤ የመረቁት እናቶች ሁሉ ረገሙት።

ጣቢያ ሲገባ መርማሪዋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አንተ ነህ?»

ልብስ ሰፊው ጣቶቹን ያይ ነበር። «ማን ነው ያለው?»

«እሷ።»

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲጠፋ መርማሪዋ አየች።

«እንግዲያው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ብሎ ነገር ምንድነው?»

«እኔ ነኝ ማለት ነው። ቀናሁ። በቃ ጻፊው።»

«ከየት ጀምረህ ቆረጥከው?»

«ከታች። ከጠርዙ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ቀሚሱ የተቆረጠው ከላይ፣ ከአንገቱ ጀምሮ ነው። የታችኛው ጠርዝ አልተነካም። ሲክድ የሚዋሽ ሰው ሞልቷል፤ ሥራዋም እሱው ነው። ሲያምን የሚዋሽ ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም።

አለቃዋ ይህ ሁሉ አልታየውም። «ሰውየው አምኗል» አላት። «ነገ ከሰዓት መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። አንቺም ወፍጮሽን አቁሚ።»

በማግስቱ ጠዋት የልብስ ሰፊው እናት ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻት። አጠር ያለች፣ ቁጡ ሴት ናት።

«ልጄ፣ አንቺም የእናት ልጅ ነሽ፤ ስሚኝ። ያቺ ልጅ ማደሪያ ስታጣ በቤቴ ያኖርኳት እኔ ነኝ። ከልጄ እኩል አብልቼ፣ ከልጄ እኩል ተቆጥቼ ነው ያኖርኳት። እሱ እሷ ላይ እጁን አያነሳም። ጨርቅ ሲቆርጥ እንኳ ያመዋል እኮ የእኔ ልጅ!»

«እማማ፣ እኔ ነኝ ብሎ አምኗል።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው» አለች እናትየው። ወደ አግዳሚው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። ልጇን ሳትይዝ እንደማትነሳ ያስታውቃል።

መርማሪዋ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ በወሬ የምትጠረጠረው ተቀባይዋ ነበረች፤ ከዘፋኟ ኋላ ቆማ የምትቀበላት ሴት። ነገሩ በተፈጠረበት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል የጥበቃ ሠራተኛው አይቷታል።

«ትጠያታለሽ ይባላል» አለች መርማሪዋ።

«እጠላታለሁ። ድምፄ ከሷ ድምፅ አያንስም። ታዲያ ቀሚሷን ብቆርጥ ድምፅ ይጨመርልኛል?»

«ኮሪደሩ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

ተቀባይዋ ቀላች። «ከበሮ መቺውን ስጠብቅ ነበር።»

«ለምን?»

«ለምን ይመስልሻል? ባለትዳር ነው፤ አደራሽን እንዳትጽፊው።»

ከበሮ መቺው ሲጠየቅ ላብ በላብ ሆነ፤ አመነ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖ ቀረ። መርማሪዋ ልትወጣ ስትል ተቀባይዋ ከኋላዋ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ቀሚሱስ ያሳዝናል። እንደሱ ያለ ማን ይሰፋልኛል? ዚፕ የለው፣ ቁልፍ የለው። ከለበሰችው በኋላ እሱ ራሱ ጀርባዋን በመርፌ ይሰፋዋል፤ ሲያልቅም እሱ ራሱ ይፈታላታል። እንደ ቆዳዋ ልክ የሚሆንላት ለዚህ ነው። ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም።»

መርማሪዋ ዞረች። «ትናንት ከልምምድ በኋላ ማን ፈታላት?»

«እሱ ነዋ! ሌላ ማን አላት?» ከዚያ ተቀባይዋ ራሷ ግራ ገባት። «ቆይ፣ እሱን ግን ገና መድረክ ላይ ሳለን ቀበቶ እንዲያመጣላት ዕቃ ቤት ስትልከው ሰምቻለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ጣቢያ እየሮጠች ነው የተመለሰችው ቢባል ማንም አያምንም፤ ግን ሮጣለች።

ቀሚሱ ማስረጃ ክፍል ውስጥ እንደተንጋለለ ነበር። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳው ፊቱን ነው። ገልብጦ ያየው የለም። ገለበጠችው። የኋላው ስፌት ከአንገት እስከ ዳሌ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ጫፉ ላይ ያለችው ቋጠሮ እንኳ አልላላችም።

ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

ስፌቱ ካልተፈታ ቀሚሱ ከሰውነት አይወጣም። ስፌቱ አልተፈታም። ስለዚህ ቀሚሱ ተሰቅሎ አያውቅም። መቀሱ ሲተረትረው ዘፋኟ ውስጡ ነበረች። ሌላ ሰው ላይዋ ላይ ቆርጦት ቢሆን «እገሌ መጣብኝ» ብላ ትጮህ ነበር እንጂ «ታጥቤ ስወጣ አገኘሁት» አትልም። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ በዚያ ሰዓት ግቢው በር ላይ ጋዜጠኞችን ይቀበል እንደነበር የገዛ ካሜራዎቻቸው ይመሰክራሉ።

ቀሚሱን የቆረጠችው ራሷ ናት። ሰውየው ብቻውን እንዲገኝ ብላ ወደ ዕቃ ቤት ስትልከው፣ ቀሚሱን የሚያወልቅላት እሱ ብቻ መሆኑን ረስታዋለች። በልጅነት ጫማዋን ሌላ ሰው እያሰረላት ያደገች ሰው ማሰሪያ መኖሩን የምታስታውሰው መቼ ነው? ጋዜጠኞቹ በር ላይ ቆሙ፤ እሷ ቀሚሱ ውስጥ ተዘግታ ቀረች። በጥድፊያ በመቀሱ ከፊት ተረተረችውና ወጣች።

መርማሪዋ ልብስ ሰፊውን አስጠራችው። ቀሚሱን በጀርባው በኩል አሳየችው። ፊቱን አዞረ።

«አንተ ይህንን ታውቅ ነበር።»

«ሲይዙኝ፣ ተሰቅሎ ነበር ያሉኝ ጊዜ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምንድነው ያመንከው? እብድ ነህ?»

«እሷ ‹እሱ ነው› ካለች፣ እኔ እንድሆን ፈልጋለች ማለት ነው። ምን ብዬ ልከራከር? አልወደድሽኝም ብዬ?»

«መዝገቡ ከሰዓት ይሄዳል። በራስህ ላይ የመሰከርከው አንተ ነህ፤ ሰው ልትገድል ዝተሃል ተብለህ ትታሰራለህ። እናትህ ውጭ ቁጭ ብላለች። ቃልህን ቀይር!»

የእናቱ ነገር ሲነሳ ዓይኑ ረጠበ። ቢሆንም ራሱን ነቀነቀ። «ራሷ ትናገር። ከእኔ አፍ አይውጣ።»

ዘፋኟ ለተጨማሪ ቃል ስትመጣ ጣቢያው በር ላይ ሕዝብ ግር ብሎ ጠበቃት። ሥራ አስኪያጇ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ተከትሏት ሊገባ ሲል መርማሪዋ በር ላይ አቁማ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀችው፤ ከዚያ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው።

«ቀሚስሽን ማን አወለቀልሽ?»

«ራሴ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ከኋላ… ስፌቱን ፈታሁት።»

መርማሪዋ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ በሆዱ አስተኛችው። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ዘፋኟ ስፌቱን አየች፤ እጇ ሳታስበው ወደ ጀርባዋ ሄደ።

«ሥራ አስኪያጄ ነው…»

«እሱን አሁን በር ላይ ጠየቅኩት። ‹እኔ ቀስ ብለሽ ተለዪው ነው ያልኳት፤ ጋዜጠኛ ጥራልኝ አለች፣ ጠራሁ› ብሏል። ቶሎ ነው የሸጠሽ።»

ዘፋኟ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት አለቀሰች።

«ውጭ አገር ሄጄ እንድዘፍን ፈረምኩ። እሱ እናቴን ጥዬ አልሄድም አለኝ። ብቀር ተመልሼ የዚያ ምግብ ቤት ዘፋኝ ነኝ። ጥዬው ብሄድ ደግሞ… አንቺ አታውቂያቸውም። ሰዉ የወደደው እኔን አይደለም፤ እሱን የምወደውን እኔን ነው። ብተወው በድንጋይ ይወግሩኛል። እሱ ቢበድለኝ ግን…»

«ያለቅሱልሻል።»

«አዎ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እወደዋለሁ እኮ።»

መርማሪዋ በዚህ ይበልጥ ተናደደች። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ልጅቷ ግን እውነቷን ነበር።

ልብስ ሰፊውን አስገባችው። ዘፋኟ ስታየው ከወንበሯ ተነሳች።

«ሆዴ…»

«ብትነግሪኝ እሄድልሽ ነበር» አላት። «በሰው ፊት ‹ትቻታለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው› እልልሽ ነበር። አንቺ ግን ይወጋኛል አልሽ። እኔ? መርፌ እንዳይነካሽ ጣቴን ከስር አድርጌ የምሰፋልሽ ሰውዬ?»

እግሩ ላይ ወደቀች። አነሳት። ያን ጊዜ እንኳ በቀስታ ነው ያነሳት።

«አሁን ወጥቼ እናገራለሁ» አለች። «ለሁሉም፣ አንድ ሳላስቀር። በሞትኩት!»

ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ይኸው። ትናገራለች።»

መርማሪዋ ልትከለክላት ትችል ነበር። ግን ይህ ሰው ያለ እሷ ቃል አፉን እንደማይከፍት ገብቷታል። ግማሽ ልቧም ልጅቷን አምኗታል። በሩን ከፈተችላትና መስኮቱንም ከፈተች።

ዘፋኟ ደረጃው ላይ ቆመች። ማይክሮፎኖቹ አፏ ድረስ ተጠጉ። ፊቷ ገርጥቷል። ወደ መስኮቱ ቀና ብላ አየች፤ አፏን ከፈተች፤ እውነቱ ሊወጣ ነበር።

«አይዞሽ! እኛ አለንልሽ!» አለ አንድ ሰው ከመሀል።

ሕዝቡ ተቀበለው። «አለንልሽ! አለንልሽ!» ስሟን ጠሩት። ትከሻዋ ቀስ እያለ ቀና አለ። መድረክ ላይ እንደምታደርገው ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች።

«ልቤን የሰበረውን ሰው» አለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ይቅር ብዬዋለሁ።»

ጭብጨባው መስኮቱን አራደው።

ልብስ ሰፊው አላለቀሰም። ወደ ግድግዳው ዞረ። መርማሪዋ ብዙ ሰው ሲከዳ አይታለች፤ አንድን ሰው በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ሲከዱት ግን አላየችም።

«መስኮቱን ዝጊው እህቴ» አላት።

ዘጋችው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ጻፊ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ትናንት ከሰዓት ቀሚሱን ሰውነቷ ላይ ሰፋሁት። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤት ላከችኝ። ስፌቱን አልፈታሁትም። መቀሱን አልነካሁትም። እኔ ነኝ ያልኩት ስለምወዳት ነበር፤ ውሸት ነው።»

ሲጨርስ ፈረመ። መርማሪዋ ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችውን እናት ጠርታ ልጇ ዘንድ አስገባቻት። ከዚያ ካቴናውን ከመሳቢያ አውጥታ፣ በሐሰት ሰው የወነጀለችውን ሴት ልትይዝ ወደ ደረጃው ወጣች። ሕዝቡ ገና እያጨበጨበ ነበር።