ስኳር የለበሰው ዱቄት

ሟቹ በቤተ ሙከራው ምግብ ቤት ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ተሰውረዋል፤ ቀኝ እጁ ባዶውን የደረት ኪሱን ጨምድዶ እንደያዘ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ የምሳ ዕቃው አልተከፈተም። አጠገቡ ግማሽ የተጠጣ ሻይ አለ።

ኢንስፔክተሩ፣ ችኮላ የማያውቅ ጎልማሳ፣ ከፊቱ ይልቅ ኪሱን ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

ሟቹ የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን ነበር። ኦቾሎኒ ከቀመሰ ትንፋሹ የሚዘጋ ደመኛው ስለሆነ ማንኪያውን እንኳ ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ባልደረቦቹ «ጥንቁቁ» ይሉታል። በዚያ ቀን ከሰው እጅ የተቀበለው ሻይ ብቻ ነው ተባለ። ሻዩን የቀዳችለት ምግብ አብሳይዋ ናት።

«በእኔ ማጀት ኦቾሎኒ ገብቶ አያውቅም» አለች፣ ሽርጧን እየጨመደደች። «አሥር ዓመት ሻይ አጠጥቼዋለሁ። ልገድለው ብፈልግ እስከ ዛሬ ምን አስቀመጠኝ?»

«ሲወድቅ ምን አዩ፣ እትዬ?»

«ኪሱን ሲደባብስ። ያስቀመጠው ነገር የጠፋበት ሰው ነበር የሚመስለው።»

በዚያ ኪስ ሁልጊዜ፣ ኦቾሎኒ ቢነካው ራሱን የሚወጋበትን የአደጋ ጊዜ መርፌ ይይዝ ነበር።

«መርፌውን እኔ አይቼዋለሁ» አለ የቤተ ሙከራው ምክትል ኃላፊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዶክተሯ ክፍል፣ ትሪ ላይ፣ ከደም ግፊት መለኪያው ጋር።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ እዚህ ቤት የዶክተሯን ስም ማንሳት እሳት መጨበጥ ነው።»

ዶክተሯ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናት። የኦቾሎኒን ፕሮቲን ከስኳር ጋር በሙቀት አጣብቃ፣ አለርጂ ያለበት ሰው የሚበላው ዱቄት ለመሥራት ስድስት ዓመት ደክማለች። ኢንስፔክተሩ ከጠረጴዛዋ ላይ በእርሳስ የተሞላ ቅጽ አነሳ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አምስት፣ በየሩብ ሰዓቱ የልብ ምት ተጽፎበታል።

«የማን ነው?»

«የእኔ። መለኪያውን ስሞክር።»

«ክብደት፣ ሰማንያ አንድ ኪሎ» ብሎ አነበበ። ከዚያ ቀጭኗን ሴት ከእግር እስከ ራሷ አያት።

በማግስቱ ሦስቱን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ምግብ አብሳይዋ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ማታ የሟቹ ሚስት ደጇ ላይ ቆማ ጎረቤት እየሰማ ረግማታለች። ውጭ ፖሊስ ቆሟል፤ ለእሷ እንደመጣ አልተጠራጠረችም።

«ሻዩ ተመርምሯል፤ ንጹሕ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ጥንቁቁ መርፌውን ከኪሱ የሚያወጣው አደጋን ሲጠብቅ ብቻ ነው። ሰማንያ አንድ ኪሎ የሚመዝነውም እሱ ነው። አራት ሰዓት ላይ ዱቄቱን ቀመሰ። ዶክተር፣ እርስዎም እየለኩ ጠበቁ።»

«ታዲያ ያኔ አይወድቅም ነበር?» አለ ምክትሉ። «ኦቾሎኒ እሱን በደቂቃ ነው የሚያፍነው። የሞተው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው!»

«ተራው ኦቾሎኒ፣ አዎ። ይኼኛው ግን ስኳር ለብሷል። በብልቃጥ ሲሞከር የጥንቁቁ ደም አላወቀውም፤ ዶክተሯም ተገራ አሉ። ሆድ ግን ብልቃጥ አይደለም። የጨጓራው አሲድ የለበሰውን መፍጨት ስላቃተው ሳይፈርስ አንጀት ደረሰ። እዚያ ልብሱ በከፊል ተገፈፈ፤ የቀረው ቁራጭ የአንጀቱን ሽፋን አልፎ ደሙ ውስጥ ገባ። ደሙም ያኔ አወቀው። ይህ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ዶክተር፣ እርስዎ የጠበቁት ግን አንድ ሰዓት ነው።»

ዶክተሯ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «እሱ ነው የለመነኝ። ‹ልጆቼ የሚበሉትን አንድ ቀን አብሬያቸው ልብላ› አለኝ። ሰዓቱ ሲሞላ ተሳሳቅን። መርፌውን ሁለታችንም ረሳነው።»

«እስከዚህ ስህተት ነው። ሲወድቅ ምግብ አብሳይዋ ስትጮህ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ በር ላይ።»

«ከበሩ እስከ ትሪው ስንት እርምጃ ነው?»

ኢንስፔክተሩ ራሱ መለሰ።

«አራት። ከዚያ እዚህ ድረስ ሃያ ስድስት። ትናንት ሄጄበታለሁ። መርፌውን ይዘው ቢሮጡ ሙከራው ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ቆሙ።»

ምክትሉ ወንበሩን ከዶክተሯ አራቀ። ምግብ አብሳይዋ ቀስ ብላ ተነሥታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ሚስቱ እኔን ነው የረገመችው» አለች። «ሄደሽ አንቺው ንገሪያት። በሩ ላይ መቆምሽንም አትዝለይ።»

ኢንስፔክተሩ ለፖሊሱ በሩን ከፈተለት።

«መጀመሪያ ወደ ሚስቱ ቤት ነው የምንሄደው» አለ።