ለእናቷ የማይነገረው

«ለእናትሽ ንገሪያት» አለች ቴስ፣ የቺሊ ወጧን ሳትበላ በማንኪያ እያማሰለች። «እራት ላይ፣ እንዲያው ጨዋታ አስመስለሽ ጣል ታደርጊዋለሽ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም።»

ሜሪት የያዘችውን የቀረፋ ዳቦ ወደ ትሪው መለሰችው። የትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ በጫጫታ ተሞልቷል። አጠገባቸው ያሉት ልጆች ስለ ዓርብ ማታው ጨዋታ ይጨቃጨቃሉ፤ እነሱን የሚሰማ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምኑን ነው የምነግራት?»

«ዳሬልን እንዳላየሁት ነዋ።»

ባለፈው ጸደይ የቴስ አባት የድርቆሽ መጋዘን ተቃጥሎ ነበር። በማቃጠል ተከሶ በዋስ የተለቀቀው ዳሬል ፖስት የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ እሳቱ ከመነሳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቴስ አባት ከሥራ አባርሮት ነበር። በዓይኔ አየሁት ያለች ምስክር ቴስ ብቻ ናት። ሰኞ ዕለት ችሎት ፊት ቆማ፣ እጇን አንስታ ምላ፣ ዳሬል መኪናውን እየነዳ ከግቢያቸው ሲወጣ እንዳየችው ተናግራለች። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ከነዋሪው ተመርጠው ይህን ከሰሙት አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት አንዷ የሜሪት እናት ናት።

«የመኪና የኋላ መብራት ነው ያየሁት» አለች ቴስ። «በቃ፣ ቀይ መብራት። የማንም ሊሆን ይችላል። አባዬ ‹ዳሬል ነው አይደል? እሱ ነው አይደል?› እያለ ሲጮህብኝ አዎ አልኩት። ከዚያ ፖሊሱ መጣ፤ አባዬ አጠገቤ ቆሟል፣ አሁንም አዎ አልኩ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልመለስ?»

«ምለሽ እኮ ነው የተናገርሽው፣ ቴስ።»

«አቦ አውቃለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ነገ ጠበቆቹ የመጨረሻ ንግግራቸውን ያደርጋሉ። ከዚያ እነ እናትሽን ክፍል ዘግተውባቸው ወስኑ ይሏቸዋል። አሥራ ሁለቱም ካልተስማሙ አይፈረድበትም። እናትሽ እምቢ ትላለች፣ ዳሬል እስር ቤት አይገባም፣ እኔም ከአባዬ ጋር አልጣላም። ማን ይጎዳል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ሜሪት ሐሳቡን አልጠላችውም። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ፣ አስተማሪው የሚለው አንዱም ሳይገባት፣ እራት ላይ የምትናገረውን ስትለማመድ ዋለች።

ችግሩ እናቷ ናት። ሮንዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ስትሆን፣ በከተማው የእሷን ያህል ወሬ የምትወድ ሰው ብትፈለግ አትገኝም። ዳኛዋ ግን ለጁሪው አባላት፣ ችሎት ውስጥ ከሰማችሁት በስተቀር ምንም አትስሙ፣ ስለ ጉዳዩ ከባል ከልጅም ጋር እንኳ አታውሩ ብላቸው ነበር። ሮንዳ ነገሩን የምር ያዘችው። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ተነስታ ጓሮ ትወጣለች። ጎረቤታቸው የፖም ኬክ ይዞ መጥቶ «ለመሆኑ ያ ልጅ…» ብሎ ሲጀምር፣ ኬኩን ተቀብላ በሩን ዘጋችበት። የሜሪት አባት «ቤታችን ገዳም ሆነ እኮ» እያለ ይስቃል። እሷ ግን አትስቅም። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ልጆች ስታመላልስ ምን ታስቢያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ አሁን ተጠይቃለች። በየምሽቱ ለችሎት የምትለብሰውን ሰማያዊ ሸሚዟን ትተኩሳለች።

በዚያ ምሽት አባቷ በቆሎ አጨዳ ላይ ስለነበር እራት የቀረቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሜሪት ድንቹን በሹካዋ ስትወጋ ቆየች።

«እማ፣ ቴስ ዛሬ ምን አለችኝ መሰለሽ…»

የእናቷ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። «ስለዚያ ጉዳይ ነው?»

ሜሪት ሹካዋን አስቀመጠች።

«ከሆነ አትጨርሺው።»

«እውነት ቢሆንስ? ማወቅ ያለብሽ ነገር ቢሆንስ?»

ሮንዳ ትቆጣለች ብላ ጠብቃ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ወደ ልጇ ዞረች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። እዚህ ብትነግሪኝ ማን ይጠይቅሻል? የተከሳሹ ጠበቃ የለችም፣ ዐቃቤ ሕጉ የለም። ‹እንዴት አወቅሽ? ተሳስተሽ እንዳይሆን› የሚልሽ የለም። የተከሰሰው ልጅ ራሱ ምን እንደተባለ አይሰማም። እኔ በሆዴ ይዤው እገባለሁ። ሌላዋ ደግሞ ከጎረቤቷ የሰማችውን ይዛ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ምስክር እዚያ ቆሞ መማሉ ለምን ይጠቅማል?»

«እና አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ምን ያድርግ?»

«ለጠበቆቹ ይነግራል። ለእኔ አይደለም።» ሮንዳ የእጅ መጥረጊያውን አንስታ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። «አሁን ያልሽኝንም ቢሆን ጠዋት ለዳኛዋ መናገር አለብኝ። ልጄ ልታወራኝ ስትል አስቆምኳት እላታለሁ።»

«ያስወጡሻል?»

«ሊያስወጡኝ ይችላሉ። በቦታዬ የሚገባ ተጠባባቂ አለ።» ድምጿ አልተለወጠም። ሆኖም ከዚያ በኋላ አንድ ጉርሻ አልበላችም፤ ሜሪትም የሠራችው ነገር ገብቷት አንገቷን ደፋች።

ሳህን አጥባ እንደጨረሰች ክፍሏ ገብታ ለቴስ ደወለች።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ እጠብቅሻለሁ። አብረን ገብተን ለዳሬል ጠበቃ አንቺው ትነግሪያታለሽ።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«የምሬን ነው። ካልመጣሽ እኔ እነግራታለሁ።»

«አባዬ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቂያለሽ» አለች ቴስ። «ብትናገሪ ውሸቷን ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አላውቅሽም፣ አታውቂኝም።» ስልኩ ተዘጋ።

ሜሪትና ቴስ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አልተለያዩም። ሜሪት ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በቴስ ተናዳለች፤ ከንዴቷ የበለጠ ግን አዘነችላት።

ጠዋት ደረጃው ላይ ብርድ ነበር። ሜሪት ከመንገዱ ዓይኗን ሳትነቅል ቆመች። ሠራተኞች ገቡ፣ ሁለት ፖሊሶች ቡና ይዘው ገቡ። ቴስ አልመጣችም። ቀጥሎ ዳሬል ፖስት ከእናቱ ጋር መጣ። የለበሰው ኮት የሌላ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በሩ ጋ ሲደርስ ቀድማ የምትገባ መስሎት ለሜሪት ከፍቶ ያዘላት። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ሌላ መኪና መጣ፤ ቴስ አልነበረችበትም። የችሎቱ ሰዓት ሲቃረብ ሜሪት ብቻዋን ገባች።

የዳሬልን ጠበቃ ወይዘሮ ሆልትን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት፤ ወረቀቶቿን እያገላበጠች ወደ ችሎቱ ክፍል ልትገባ ነበር።

«ይቅርታ፣ ከመግባትዎ በፊት የምነግርዎት ነገር አለኝ። ስለ ዳሬል ነው።»

«አንቺ ማነሽ?»

ሜሪት መልስ ከመስጠቷ በፊት በኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ በር ተከፈተ። የጁሪው አባላት አንድ የፍርድ ቤት ሠራተኛ እየመራቸው በሰልፍ ወጡ። ሮንዳ በሰማያዊ ሸሚዟ መሃል ላይ ነበረች። መጀመሪያ ልጇን አየች፣ ከዚያ ልጇ ከማን ጋር እንደቆመች አየች። እርምጃዋ ለአፍታ ተገታ። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ሊጋጫት ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መንገዷን ቀጠለች። ፈገግ አላለችም፣ አልተቆጣችም። ሜሪት የመጨረሻው ሰው ወደ ችሎቱ ክፍል ገብቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም።

«ሜሪት እባላለሁ» አለች ከዚያ። «አሁን ካለፉት አንዷ እናቴ ናት። የምናገረውን ግን እሷ አታውቅም፣ ከእሷም አልሰማሁም። የሰማሁት ሰኞ ዕለት ከመሰከረችው ልጅ ነው። ዳሬልን አላየችውም።»

ወይዘሮ ሆልት ወረቀቶቿን በብብቷ ያዘችና ሜሪትን ትኩር ብላ ተመለከተቻት። «እናትሽ ከጁሪው ልትወጣ እንደምትችል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ዐቃቤ ሕጉም ይጠይቅሻል፤ ዳኛዋም እንደዚሁ። ቀላል አይሆንልሽም።»

«እሺ።»

ጠበቃዋ እስክሪብቶ አወጣች። «ይህን የነገረችሽን ልጅ ስም ከአፍሽ መስማት አለብኝ።»

ሜሪት ወደ መግቢያው በር አንዴ ዞር ብላ ተመለከተች። ማንም አልነበረም። ከዚያም የጓደኛዋን ስም ከነአባቷ፣ ጠበቃዋ መጻፍ እንድትችል ቀስ ብላ ነገረቻት።