ዘር የሚሰጠው ነጠላው ነው

ሰው «ሲራጅ ዐፊፋን አገባት» ይላል። አይደለም። እኔ ዐፊፋ ነኝ ሲራጅን ያገባሁት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አባታችን ሞቶ ከታላቅ ወንድሜ ከኡመር ጋር እኖራለሁ፤ ኡመር አራዳ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ሲራጅ ደግሞ ውቤ በረሃ ጫፍ ላይ የአንድ ፈረንጅ አትክልተኛ ነበር። አንድ የኅዳር ጠዋት በዚያ አጥር ስር ሳልፍ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ሽታ አቆመኝ። ቀና ስል አንድ ወጣት መኮትኮቻውን እንደያዘ ያየኛል። የምን አበባ እንደሆነ ጠየቅኩት። የፈረንጅ ስሙ ለአፉ እንደማይመች፣ ብርድ እንደሚወድ፣ ሙቀት እንደማይችል ነገረኝ። ዘሩን በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝና ነሐሴ ሲያልቅ እንድዘራው አዘዘኝ።

እንዳለኝ ዘራሁ። ኅዳር ላይ ግማሹ ድርብ ሆኖ ተነፋፋ፤ ግማሹ አራት የአበባ ቅጠል ብቻ ያለው ነጠላ ሆነ። ነጠላውን የማይረባ መስሎኝ አንድ ሳላስቀር ነቀልኩት። የድርቡ ሽታ ጎረቤት ድረስ ሄደ። ሲደርቅ ግን አንድ ፍሬ ዘር አላገኘሁበትም።

ተናድጄ ሲራጅ ዘንድ ሄድኩ፤ የተበላሸ ዘር ነው የሰጠኸኝ አልኩት።

«ነጠላዎቹን ምን አደረግሻቸው?» አለኝ።

«ነቀልኳቸዋ። አያምሩም።»

ሳቁን መቻል አቅቶት መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እናቶቹን ነቅለሽ ልጅ ትጠብቂያለሽ? ድርቡ ለዓይን ነው፣ አይወልድም። ዘር የሚሰጠው ነጠላው ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትመለሺ ነበር?»

እጁ ላይ ያለው ጭቃ እስኪደርቅ ተያየን።

ከዚያ በኋላ ምክንያት አላጣሁም፤ ዛሬ ስለ ውሃው፣ ነገ ስለ አፈሩ ልጠይቅ እሄዳለሁ። በመጨረሻ ሲራጅ ሽማግሌ ላከ። ኡመር የፈረንጅ አበባ የሚያጠጣ አማች አልፈልግም ብሎ መለሳቸው፤ ሳያማክረኝም ለገበያ ጓደኛው ለሰላሀዲን ቃል ሰጠ። ሰላሀዲን ሚስቱ የሞተችበት ባለሱቅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን አልፈለግኩትም።

በእኛ ደንብ ልጃገረድ ስትዳር ከመጋረጃ ጀርባ ትጠየቃለች። ዝም ካለች አፍራ ነው፣ ፈቅዳለች ይባላል። ኡመር ጠዋት አንድ ነገር ብቻ መከረኝ፦ መናገር አይጠበቅብሽም፣ ዝም በይ።

ከጁምዓ በኋላ ሰላሀዲን ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። ጋብቻውን የሚያስሩት ሸህ ኢስሃቅ ከመጋረጃው ማዶ ሆነው «ዐፊፋ፣ ወንድምሽ ለሰላሀዲን ሊድርሽ ነው። ምን ትያለሽ?» አሉ። ብዙም አልጠበቁ፤ ሁሉም ለዱዓ እጃቸውን ሲያነሱ ጥላቸው መጋረጃው ላይ ታየኝ።

«ሸኻችን፣ እጅዎን ያውርዱ። አልፈቀድኩም።»

ኡመር ደንግጣ ነው፣ ምን እንዳለች አታውቅም እያለ ሊያስተባብል ሞከረ።

«ወንድም ጋሼ፣ አልደነገጥኩም። እኔ የምፈልገው ሲራጅን ነው።»

«የፈቀደች ዝም ትላለች» አሉ ሸኹ። «እምቢ ያለችውን ዝም አሰኟት የሚል ግን አላነበብኩም። ኡመር፣ እኔ ይህን ኒካህ አላስርም።»

ሰላሀዲን ጫማውን እየፈለገ «ተመስገን፣ ከነምላሷ ልትሰጠኝ ነበር» አለ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ኡመር አልሳቀም።

ሦስት ወር ሰላምታዬን አልመለሰም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ሲራጅ ዳግም በሰጠኝ ዘር ያበቀልኩትን አበባዬን አጠጣ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ «አሁንም እሱኑ ነው?» አለኝ። እሱኑ ነው አልኩት። በሳምንቱ የሲራጅን ሽማግሌዎች ራሱ አስጠራ።

የኒካህ ቀን ሸህ ኢስሃቅ እንደ ደንቡ ጠየቁኝ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ዝም በይ ብለው ጭኔን ቆነጠጡኝ። «ፈቅጃለሁ» አልኩ፣ ደጅ እስኪሰማ።