ሚኒሞ የማትይዘው መኪና

ሞካቻኔ ከአባቱ በወረሳት አሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ከሞኮትሎንግ ከተማ በላይ ባሉት ተራሮች ክረምቱ ጠንክሮ ጅረቱ ሁሉ በረዶ ለብሷል። መኪናዋ የቆመችበት የቆርቆሮ መጠለያ በሩ ተዘግቶ፣ ውስጡ በጭስ ታፍኖ ነበር። መጀመሪያ የደረሰው ታናሽ ወንድሙ ሰፋኮ ነው። ከከብት ማደሪያው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወርዶ በሩን እንደከፈተና ሞተሩን እንዳጠፋ ለመንደሩ ሁሉ ተናገረ።

ግማሹ ሰው ሟቹ ሙቀት ፈልጎ ሞተር አስነስቶ ተኛ፣ ጭሱ ገደለው አለ። ግማሹ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚስቱን የማሊኔዮንና የመካኒኩን የካውታን ስም አነሳ። ካውታ፣ ማሊኔዮ ለሞካቻኔ ከመዳሯ በፊት ሽማግሌ ልኮባት የነበረ ሰው ነው።

ሳጅን ሊፑኦ ከከተማ ስትደርስ ከሰዎቹ በፊት መኪናዋን አየች። ጋቢናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥር ለጎማ የሚደረገውን የእንጨት ታኮ አገኘች። በአንድ ጫፉ ላይ የቀጫጭን ጎማ መስመሮች አሻራ ታትሟል። ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ጋር ብታስተያየው ልክ ገጠመ። ታኮውን በጨርቅ ጠቅልላ ሰፋኮን አስጠራች።

«ወንድሜ ራሱ አስነስቷት ነው ብዬ አላምንም» አላት ሰፋኮ ሳትጠይቀው። «መኪናዋ ሚኒሞ አትይዝም። በብርድ እግር ከነዳጁ ላይ ከተነሳ ተንቀጥቅጣ ትጠፋለች። ጠባይዋን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት የማስነሳለትም እኔ ነበርኩ። ሌላ ስለ ሞተር የሚያውቅ ሰው ካለ ካውታ ነው፤ እሱን ጠይቂው።»

«አንተ ይህን ያህል ካወቅሃት፣ አባታችሁ ቁልፉን ለምን ለእሱ ሰጡ?»

ሰፋኮ ኮፍያውን አውልቆ እንደገና አደረገ። «ታላቅ ነዋ» አለ።

ማሊኔዮ አልሸሸገችም። ሞካቻኔ ካውታን የጠራው ራሱ መሆኑን ነገረቻት። ከሞቱ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ካውታ ኮፈኑን ከፍቶ ሲሠራ፣ እሷ ጋቢና ተቀምጣ በይ ሲላት ነዳጅ ትሰጥ ነበር። ሞካቻኔ ከገበያ ሲመለስ ሁለቱ ሲሳሳቁ ደረሰ። ቃል ሳይተነፍስ ብርድ ልብሱን ከቤት አወጣ፤ ጠላ ቤት ሄዶ እስኪበቃው ጠጣና ጋቢናው ውስጥ ተኛ።

«ምን አሳቃችሁ ብሎ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር» አለች። «አልጠየቀኝም።»

ካውታ ደግሞ ከመሣሪያ ሣጥኑ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ አውጥቶ አሳያት። ወደ ሞተሩ የሚገባው ነፋስ በዚያ ስንጥቅ ይሾልክ ነበር። ቱቦው ሲቀዘቅዝ ይከፈታል፣ ሲሞቅ ይገጥማል፤ ያስቸገረችው ጠዋት ጠዋት ብቻ መሆኑም ለዚህ ነው። አሁን በአዲስ ተተክቷል።

«በሞካቻኔ ትቀና ነበር?» አለችው ሊፑኦ።

«እስከ ዛሬ። ግን የቀና ሁሉ ቢገድል ኖሮ ይህ መንደር ባዶውን በቀረ።»

ሊፑኦ ትንሽ ግራ ገባት። መኪናዋ ድና ከነበረ፣ ሟቹ ራሱ አስነስቷት ሊተኛ ይችላል፤ ያ ከሆነ ግን ታኮው ላይ የፔዳል አሻራ ምን ይሠራል? ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሽማግሌው ፖሎኮ ዘንድ ተሻገረች። መንደሩ በአክብሮት «ንታቴ»፣ አባታችን፣ የሚላቸው ፖሎኮ ሊነጋጋ ሲል ሞተሩ ሲጮኽ ሰምተዋል። የለሰለሰ ድምፅ ነበር ወይ ስትላቸው ሳቁ። እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ተራራውን ሊያፈርስ፤ ያን ያህል ረጅም ጊዜ መጮኹ ብቻ ገርሟቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት፣ አመዳዩ ሳይቀልጥ፣ አራቱንም በመጠለያው ደጅ ሰበሰበቻቸው። አብሯት የመጣው ፖሊስ መኪናዋን አስነስቶ እግሩን አነሳና ወረደ። ሞተሩ አልተንቀጠቀጠም። ዝቅ ብሎ፣ እኩል እየመታ ቀጠለ።

«መኪናዋ ድናለች» አለች ሊፑኦ። «ሞካቻኔ ለሙቀት አስነስቷት ቢሆን ንታቴ ፖሎኮ የሚሰሙት ይህን ድምፅ ነበር። የሰሙት ግን ጩኸት ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን በዚህ ታኮ ወጥሮታል፤ አሻራው ይኸው። ሟቹ ራሱ ወጥሮት ቢሆን ታኮው እዚያው ፔዳሉ ላይ ይገኝ ነበር እንጂ ከመቀመጫው ሥር አይገባም ነበር። ሰካራሙን ጭሱ እስኪጨርሰው ሞተሩ እንዳይጠፋ ፈልጎ ነው። አሁን ማን ነው መወጠር የሚያስፈልገው? ካውታ አያስፈልገውም፤ ጠጋኙ እሱ ነው። ማሊኔዮም አያስፈልጋትም፤ ጋቢና ተቀምጣ ሞክራታለች። ንታቴ ፖሎኮ ደግሞ መኪና አስነስተው አያውቁም። ታኮው ያስፈለገው ሕመሟን የሚያውቅ፣ መዳኗን ግን ያልሰማ ሰው ነው። ከከብት ማደሪያው የወረደ ሰው።»

ሰፋኮ እሷን አልነበረም የሚያየው። ወደ መኪናዋ ሄዶ ኮፈኑን ከፈተና አዲሱን ቱቦ በጣቱ ዳሰሰ።

«ማን ንኳት አለህ?» አለው ካውታን። ድምፁ ሚስቱን ከሰው ጋር ያገኘ ባል ድምፅ ነበር።

«ወንድምህ» አለ ካውታ።

ሰፋኮ ኮፈኑን በቀስታ ዘጋው። ከዚያ በኋላ የጠየቁትን ሁሉ ተናገረ። ገና ሳይነጋ ወርዶ ነበር፤ እንደ ልማዱ ሊያስነሳት። ወንድሙ ጋቢናው ውስጥ ሰክሮ ተኝቶ አገኘው። ዕድሜውን ሙሉ እሱ እያስነሳት ሰው ሁሉ «የሞካቻኔ መኪና» ሲል የኖረው አንገበገበው። ሞተሩን አስነሳ፣ ፔዳሉን ወጠረ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ። ፀሐይ ስትወጣ ተመልሶ ታኮውን ነቀለና ጮኸ።

ፖሊሱ ሰፋኮን እጁን ይዞ ሲያልፍ ማሊኔዮ መንገዱን ዘጋች።

«ትናንት አብረን ሬሳውን ስናጥብ አልቅሰሃል» አለችው። «ለማን ነበር?»

«ለእሱ» አለ ሰፋኮ። አልዋሸም።