ለአንድ ሰው የተለካ ሳሎን

ፈይሩዝ ኸድርን ያወቀችው በአባቷ ጨርቅ ቤት ነው። በሸዋ ሮቢት ሐሩር ገብቶ በጣም ወፍራሙን መጋረጃ የጠየቃት ሰው እሱ ብቻ ነበር። «ለምንህ ነው?» ስትለው «የሳሎኔ ግድግዳ ድምፅ እየመለሰ አስቸገረኝ» አላት። ልብ ቢኖራት ያኔ መሸሽ ነበረባት፤ እሷ ግን ወደደችው።

አሁን ሽማግሌዎቹ ነገ አባቷ ዘንድ ሊሄዱ ቀን ተቆርጧል። እሷ ደግሞ ኸድርና እናቱ ቤት ተቀምጣ ላቧን ትጠርጋለች። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቬንትሌተሩ ጠፍቷል። ኸድር የመንዙማ መስሚያ ስፒከሮቹን ድምፅ ለሳሎኑ ለክቶ ሊያስተካክል፣ ማይክሮፎን ወንበሩ ላይ በጆሮው ከፍታ አቁሞ ፉጨት ይለቅባቸዋል። ፉጨቱ ከወፍራም ተነስቶ እየቀጠነ ሄዶ ሊያልቅ ሲል፣ ውጭ ባጃጅ አለፈ።

«እንደገና» አለ ኸድር።

«በአላህ ይሁንብህ፣ ልንቀቀል እኮ ነው።»

«ዝም በይ ልጄ» አሉ እናቱ እትዬ ሩቂያ በሹክሹክታ። «ማይኩ ከሰማሽ እንደገና ከሀሁ ይጀምራል። እኔ ማሳል ከተውኩ ሰነበትኩ።»

በስንት መከራ ተለካ። ኸድር ላፕቶፑ ላይ የሚጮኸውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ አደረገና መንዙማ ከፍቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። ድምፁ ጠርቶ መጣላት። ደስ ብሏት እሱም እንዲሰማ ተነሳችለትና ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች።

«እዚህ ጋ ከበሮው ድምፁን ውጦታል» አለችው።

«እሱ ቦታ አልተለካም። የሚስተካከለው ለአንድ ወንበር ነው።»

«ወንበሩስ የማን ነው?»

«የእኔ።»

ሲናገር ክፋት አልነበረበትም። ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው። ተነስታ ሻሿን አስተካከለች።

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ይቅሩ። ለአንድ ሰው የተለካ ቤት አልገባም።»

እትዬ ሩቂያ ሳሉ።

ፈይሩዝ ወደ በሩ ተራመደች። ይሄኔ ኸድር ብድግ አለና ወንበሩን በረንዳ ላይ አወጣው። ረጅሙን ሶፋ ብቻውን ጎትቶ አመጣ፤ ማይክሮፎኑን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እያቆመ ለካ። ባጃጅ ሲያልፍ እንኳ አልተነጫነጨም።

ሲጨርስ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እትዬ ሩቂያ መሐላቸው ገቡ።

«ጥሩ ነው» አለች ፈይሩዝ። «አንተ ጋስ?»

«ከቅድሙ ይከፋል።»

«በጣም?»

«በጣም» አለ፤ ግን አልተነሳም።

ፈይሩዝ ሳቋን ዋጠች።

«አባዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላል፤ ከቀሰቀሱት ይቆጣል» አለችው። «ሽማግሌዎቹን ከአስር ሰላት በፊት እንዳይመጡ ንገራቸው።»