የማይቋረጥ መስመር

ሲራክ ተድባበ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ የመስኮቱን መዝጊያ ገርበብ ያደርጋል፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የስልኩን ገመድ ሞደም በሚሉት ትንሽ ሣጥን ላይ ይሰካል፤ ከዚያም ለመናቅ ይዘጋጃል። ከአስተማሪነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም። ጋዜጦቹ አንድ በአንድ ጽሑፉን ማተም አቁመዋል፤ የመጨረሻው አዘጋጅ «ጋሽ ሲራክ፣ አንባቢን እየሰደቡ አንባቢ ማግኘት እኮ ያስቸግራል» ቢለው፣ የዓረፍተ ነገሩን ሰዋስው አርሞለት ወጣ። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በየአገሩ ያለው ሐበሻ በስልክ መስመር እየገባ የሚነታረክበት፣ ኒውስግሩፕ የሚሉት የጽሑፍ አደባባይ። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚቸከችኩ፣ ሁለት መስመር ሳይሳሳቱ መጨረስ የማይችሉ ሰዎች የሞሉበት ቦታ ነው። ግን ያነቡታል። እሱ ከተዘጋበት በዚህ ዓለም ላይ ድምፅ የለውም፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ራሱ ያውቀዋል።

መስመሩ በየቀኑ ይዘጋበት ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያከራየው አገልግሎት ግማሽ ቀን ተይዟል ይላል፣ ሲገኝም አንድ ገጽ ሳይነበብ ትንፋሹ ይቆረጣል፤ ኒውስግሩፕ ብሎ ነገር ደግሞ ጨርሶ አያውቅም። ሲራክ ስለዚሁ ሊጠይቅ ሄዶ፣ ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ሳትል «ዜና ከፈለጉ ሬዲዮ አለ አይደል አባቴ» ብላዋለች። አንድ የእርዳታ ድርጅት በትውውቅ የሚያስጠቅመው መስመር ደብዳቤ ብቻ ነው የሚያደርሰው፣ እሱንም በቀን አንዴ፣ እንደ ገጠር ፖስታ። አደባባዩን እስካሁን የሚደርስበት የሆቴሎቹ መስመር ደግሞ ዋጋው ለሚኒስትር ልጅ የተተመነ ነው። ሲራክ ሁሉንም ንቆ ሁሉንም ሞክሮ ነበር፣ ካዛንቺስ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ ያችን ቁራጭ ወረቀት እስኪያይ ድረስ።

«ርካሽ። አስተማማኝ። ኒውስግሩፕ ያለው። ሥራችን ሐቀኛ ነው፤ መስመራችን ለብዙኃን አይቋረጥም።» ከሥሩ የስልክ ቁጥር።

የማረከው ርካሽነቱ አልነበረም። በዚህች ከተማ ግድግዳ ላይ ካነበባቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ የፊደል ስሕተት የሌለበት ይህ ብቻ ነበር፤ ንጉሡ ሠ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጧል። በመጨረሻ የተማረ ሰው፣ አለ ለራሱ፣ ወረቀቱንም ገንጥሎ ኪሱ ከተተው።

ሲደውል ያነሣችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ከጀርባዋ ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ካዛንቺስ ግን ፀሐይ ነበር።

«ማን ልበል?»

«ሲራክ ተድባበ። ኒውስግሩፕ አለን ስትሉ እውነት ነው ወይስ እንደ ሌሎቹ አፍ ብቻ ናችሁ?»

«ሲራክ» አለች፣ አንድ ነገር እንደምትቀምስ ቀስ ብላ። «ሁሉም አለ።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

«ስምዎ ይበቃል። ስንጠራዎት አቤት ይላሉ።»

«እኔ ለማንም አቤት ብዬ አላውቅም እመቤቴ።»

«ግዴለም» አለች፤ «እስኪሉ እንጠብቃለን።»

የጸሐፊ ቀልድ ነው ብሎ ናቀው።

መስመሩ ግን እንደተባለው ነበር። ሞደሙ ቁጥሮቹን እየቆጠረ ደወለ፣ ቀጭን ፉጨት አሰማ፣ ፉጨቱ «ሲ» ወደሚል ሲሲታ ተለወጠ፣ ሲሲታውም መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እንደሚሰበር ተንኳኳና ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ከሰዓቱን ሙሉ አንዴም አልተቆረጠም። ሲራክ በዚያ ሳምንት ለዓመታት በሆዱ የያዘውን ጻፈ። ርእሱ «አቤት» የሚለው ቃል ነበር። ቃሉ የሎሌ ቃል እንደሆነ፣ ስሙ ሲጠራ ማን እንደጠራው እንኳ ሳያይ ጎንበስ የሚል ሕዝብ ከመንጋ እንደማይሻል፣ ሰው የሆነ ሰው ሲጠሩት «ምንድን ነው?» ማለት እንዳለበት አብራርቶ፣ የሚቃወሙትን ሁሉ ከወዲሁ ደንቆሮ ብሎ ላከው። ሃያ ስድብ ይመጣልኛል ብሎ ጠበቀ። የመጣው አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ ላኪው ስም የለውም፤ ጽሑፉም በላቲን ፊደል አንድ ቃል ነበር። ሲራክ።

በማግስቱም እሱው ነበር። ሲራክ በረዥሙ ሰደበው። መልሱ፣ ሲራክ።

ከእሱ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቱ አሰገደች፣ ወላጆቻቸው ሞተው ያሳደገችው፣ በየቀኑ ሻይ ሲደርስ ከኮሪደሩ ጫፍ ትጠራዋለች፤ እሱም «ምንድን ነው?» ብሎ ይመልስላታል። ልጅ ሳለ እታለም ይላት ነበር። ዲግሪውን ከያዘ ወዲህ ስሟን ነው የሚጠራት። በእሷ መኝታ ክፍል ከዚያው መስመር የተቀጠለ ሁለተኛ ስልክ ስለነበር፣ እጀታውን ባነሣች ቁጥር የሲራክ ግንኙነት ይበጠስ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ያልተናገራት ክፉ ቃል የለም። አሁን እጀታው ሲነሣ፣ ቀጭ፣ የሚለውን ድምፅ በየመሀሉ ይሰማል፤ መስመሩ ግን አይበጠስም።

«አሰገደች፣ ያንን ስልክ አስቀምጪ።»

«እኔ ወጥ ቤት ነኝ» አለችው ከወጥ ቤት።

ማታ ራት ላይ ምግቧን ሳትነካ ቆየች። «አንድ ቀን ብቻ አንሥቼዋለሁ» አለች። «ልዋሽህ አልችልም።»

«እና?»

«ሰው አለበት። ብዙ ሰው፣ ገበያ ከሩቅ ሲሰማ እንደሚያደርገው። አንደኛው ስምህን ይጠራል።»

«የማሽን ድምፅ ነው። ሲ ይላል፣ ከዚያ ይንኳኳል፤ አንቺ ደግሞ ስም ታደርጊዋለሽ። እንዲህ ነው መሃይምነት።»

«ማሽን ይለማመጣል እንዴ?» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የማታየው ሲጠራህ አቤት አትበል፣ ሲራክ። እናታችን የነገረችንን አትርሳ።»

«ለማየውም ብዬ አላውቅ» አላት፤ ይህ በጣም አሳቀው፣ ብቻውን።

በማግስቱ የእሷን ስልክ ከግድግዳው ነቅሎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ወጥ ቤት ቁምሣጥን ውስጥ ከድስቶቹ ኋላ ከተተው። ከሰዓት በኋላ ሞደሙ ሲደውል ቀጭ የሚለው ድምፅ እንደተለመደው መጣ፤ ከእሱም ጋር ሽታ መጣ፣ መጀመሪያ የጋለ ሽቦ የሚመስል፣ ቀጥሎ ግን በክረምት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ጢቅ ብሎ በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ እንዳለው፣ የእርጥብ ልብስና ተደጋግሞ የተተነፈሰ ትንፋሽ ሽታ። ሲሲታውን ላለመስማት የሞደሙን ድምፅ ዘጋው። አልተዘጋም። ጆሮውን ወደ ሣጥኑ ሲያስጠጋ ሲ የሚለው ረዘመ፣ ራክ የሚለው ተንኳኳ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሰው ከመናገሩ በፊት የሚስበው ያህል አጭር አየር ሲሳብ ሰማ። ስክሪኑ ላይ ስሙ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ በግዕዝ ፊደል። ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል አልነበረውም።

አንድ ተራ ሰው እዚህ ላይ ገመዱን ነቅሎ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሲራክ ግን ተራ ሰው አልነበረም፤ ቢያንስ እንዲህ ያምን ነበር፤ ደግሞም ገመዱን ቢነቅል ወዴት ይሄዳል? ወደ «ዜና ከፈለጉ ሬዲዮ አለ» ባይዋ? ወደ አዘጋጆቹ? ተንኮለኛ ነው፣ አለ፣ አንድ ከውጭ አገር የሚቀልድብኝ ሥራ ፈት ነው፣ ፊደሉንም በሥዕል መልክ ልኮት ነው። የሚያስፈራውን ነገር ሁሉ እንደዚህ በንቀት እየጠቀለለ ከኋላው ማስቀመጥ ለምዶ ነበር።

በሐምሌ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሳይመሽ ጠቆረና ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ ሲራክ ገና ከመቀመጡ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፋ። የፍሪጁ ማጉረምረም ቆመ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ቆመ፣ ወጥ ቤት ውስጥ አሰገደች ክብሪት ስትጭር ተሰማው። ኮምፒውተሩም መጥፋት ነበረበት። ስክሪኑ ግን አመድ በሚመስል ብርሃን በርቶ ቀረ፤ የሞደሙ ትንሿ ቀይ መብራት እየተርገበገበች ነበር፣ ሳይደውልም ሲሲታው ከሣጥኑ ውስጥ ይወጣ ነበር፤ ሽታው ክፍሉን ሞልቶ ከመዝጊያው ስንጥቅ የሚገባውን የዝናብ አየር ገፍቶ አስወጥቶታል። ስሙ ስክሪኑ መሀል ነበር። ሲራክ የወንበሩን ክንድ ይዞ ሊነሣ አለ፤ እውነትም ተነሥቶ ነበር፣ ጉልበቱ ቀና ብሎ ነበር፣ ከስሙ በታች አዲስ መስመር ባይወጣ።

«መልስ የለህም?»

ተመልሶ ተቀመጠ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህን ጠይቆት ሳይመለስለት የሄደ ሰው የለም። ለዚህ ነገር ያለውን ንቀት የሚመጥን ቃል ፈለገ፤ ከስድብ የሚከብድ፣ የሚያዋርድ፣ በገዛ ጅራፉ የሚገርፈው። አገኘውም፤ ሎሌ ለጌታው እንደሚል፣ ከንፈሩን አጣሞ ጮክ ብሎ እያነበበ በላቲን ፊደል ጻፈው። «አቤት፣ ጌታዬ።»

ማዶ ያለው ግን ሽሙጥ አያውቅም ነበር።

ሲሲታው ቆመ። ዝናቡም ቆመ፤ ወይም የሚሰማበት ቦታ ራቀ። ስክሪኑ ሲጠፋ ሲራክ ጠረጴዛውን ሊደገፍ እጁን ዘረጋ፤ እጁ የሚያርፍበት አላገኘም። ጨለማው የክፍሉ ጨለማ መስሎት ነበር፤ አሁን ግን በግራም በቀኝም ትንፋሽ አለበት፣ ቅርብ፣ ሞቃት፣ የብዙ ሰው። ትከሻው ሥር አንዱ ስም ይጠራል፤ የእሱን ሳይሆን የማያውቀውን ሰው ስም፣ ደጋግሞ፣ እየተለማመጠ። ሲራክ ሊሰድበው አፉን ከፈተ። የወጣው ቀጭን ፉጨት ነበር፣ ቀጥሎም ሲሲታ።

ከሩቅ፣ ሽቦ እንዳቀጠነው ድምፅ፣ የአሰገደች ነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ሲያንሸራትት ሰማ። «ሲራክ» አለች፤ «ሻይ ቀርቧል።»

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቃል ሊላት ፈለገ። ያለውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ድምፅዋ ጮኸ፤ በዙሪያው ያሉትም ሁሉ አብረውት ጮኹ፤ የተሰማው ግን ሞደም ሲደውል የሚሰማው ያው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ የወንበር እግር ወለሉን ሲፍቅ፣ መነጽር ጠረጴዛ ላይ ቀስ ተብሎ ሲቀመጥ አዳመጠ፤ ቀጥሎም በገዛ ድምፁ፣ እሱ ከልጅነቱ ወዲህ ባላወጣው ልስላሴ፣ «አቤት፣ እታለም» የሚል መልስ ሰማ።